በዶክተር ክርሼቫን ሉክሺች ሞት ምክንያት የምክር ቤቱ የሐሙስ ስብሰባ እንዳይበተን

የማኅበራችን መሥራች፣ የ«ወንዛችን» ጋዜጣ አዘጋጅና በግዛታችን ዋና ከተማ በዛዳር ባለው ምክር ቤት የወረዳችን እንደራሴ የነበሩት ዶክተር ክርሼቫን ሉክሺች ሰኞ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1908 በሳንባ ምች በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። የክሩፓቫ ንባብ ማኅበር ሐዘኑ ጥልቅ ነው። ይሁንና ይህን መግለጫ የምናወጣው ለማልቀስ ብቻ አይደለም። ነገ ማለዳ ወደ ዛዳር በምትነሣው መርከብ መድረስ አለበትና አንባቢ ችኮላችንን ይረዳልን።

ዶክተሩ በ1876 በቪየና የሕክምና ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ከተማ ውስጥ ተደላድለው መኖር ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን የእኛን ረግረግ ነው። በጀልባ ከመንደር መንደር እየዞሩ የወባ ሕሙማንን ያክሙ ነበር።

በ1889 ጋዜጣችንን አቋቋሙ። ሳንሱር የቆረጠው ዓምድ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ በሌላ ወሬ እንዲሞላ አንድም ቀን አልፈቀዱም።

በ1901 ለምክር ቤት የተወዳደሩት ወንበሩ አምሯቸው አይደለም። እንደራሴ በምክር ቤት ቆሞ ያነበበውን ጽሑፍ ጋዜጣ ቢያትመው ሳንሱር ሊነካው አይችልም፤ ሕጉ ነው። ስለዚህ ሳንሱር የወረሰባቸውን ጽሑፎች ይዘው ይሄዱና ያነቡ ነበር፤ በሳምንቱ እኛ እናትማለን። አንድ ጊዜ ከተቃራኒው ወገን አንዱ፣ «ዶክተር፣ እዚህ ትኩሳት ያለበት ሰው የለም፤ ወደ ረግረግዎ ይመለሱ» ቢሏቸው፣ «እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ምላስዎን ያውጡና ልይዎት» ብለው ንባባቸውን ቀጠሉ። ምክር ቤቱ ሳቀ። ጽሑፉም ታተመ።

ባለፈው መከር ለወረዳችን የመጣው የወባ መድኃኒት ሕሙማንን አላድን አለ። ዶክተሩ ዱቄት ሲነካ የሚጠቁረውን አዮዲን ጠብ ቢያደርጉበት ጠቆረ፤ የስንዴ ዱቄት ተቀላቅሎበታል። የአቅራቢውን ነጋዴ ስም ጠቅሰው ጻፉ። ጽሑፉን ሳንሱር ወረሰው። ሐሙስ፣ በዘንድሮው የመጨረሻ ስብሰባ፣ ሊያነቡት ተዘጋጅተው ነበር። ምክር ቤቱ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚሰበሰብ፣ ሐሙስ ካልተነበበ የሚነበበው በሚመጣው ዓመት ነው። ወባ ደግሞ በጁን ይነሣል፤ ያው ዱቄት ለልጆቻችን ሊታደል ነው።

ዛሬ ከዛዳር በደረሰን ቴሌግራም መሠረት ግን፣ ለሟቹ ክብር ሲባል ስብሰባው ሳይጀመር በሐዘን እንዲበተን ሐሳብ ቀርቧል። እንደራሴ ሲሞት እንዲህ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ እናውቀዋለን። ሐሳቡን ካቀረቡት መካከል የዚያው ነጋዴ ጠበቃ የሆኑ እንደራሴ እንዳሉበትም እናውቃለን።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፔሪና ይህን ስንነግራቸው፣ «በሕይወት እያለ ዝም ያሰኘው ሰው የለም። አሁን በክብር ስም ዝም ሊያሰኙት ነው? ስብሰባቸውን ይቀጥሉ፤ ልቅሶውን እኔ ቤቴ እጨርሰዋለሁ» ብለውናል። የእርሳቸው ቃል የማኅበራችንም ቃል ነው። ክብሩን አንቀበልም። ስብሰባው ይከፈት።

ጽሑፉን የጎረቤት ወረዳ እንደራሴ ቄስ ሺሙን ቭርዶላክ ሊያነቡት ተስማምተዋል። «ድምፄ እንደ እሱ አያስደነግጥም፤ ግን ቅዳሴ የለመደ ጉሮሮ ነው፣ እስከ መጨረሻው ያደርሰኛል» ብለዋል። ቀብሩ ነገ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ቄስ ሺሙን አይገኙም። ወይዘሮ ፔሪና ራሳቸው፣ «አባቴ፣ ለመቅበሩ ብዙ ሰው አለ። እርስዎ መርከቧ እንዳታመልጥዎ» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ማተሚያ ቤታችንም ፊደሉን ለቅሞ ገጹን ዛሬውኑ አሰናድቷል። የሚጠበቀው ከዛዳር «ተነበበ» የሚል ቴሌግራም ብቻ ነው።

ለወይዘሮ ፔሪና፣ ለልጆቻቸው፣ ለጋዜጣው ባልደረቦችና በየመንደሩ ጀልባቸውን ሲጠብቁ ለኖሩ ሕሙማን ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለምክር ቤቱ አባላት ግን ገና አንመኝም፤ መጀመሪያ ቄስ ሺሙን አንብበው ይጨርሱ።

የክሩፓቫ ንባብ ማኅበር
ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1908