በቃል አስታዋሻችን ኅልፈት የተሰማን ሐዘንና ያልደረሰው ይቅርታችን

የቴአትር ባለሙያዎች ማኅበራችን አንጋፋ አባል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው ቃሉ ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ በማቀበል ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገሉት ቃል አስታዋሽ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባልደረቦቻቸው «እትዬ ሹክታ» እያልን እንጠራቸው ነበር። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ጸጸትም አለበት።

በአገልግሎታቸው ሁለተኛ ዓመት፣ በገዛ ልጁ ላይ ሞት የፈረደውን ዳኛ ታሪክ የሚያሳየው ጥንታዊ አሳዛኝ ተውኔት ወደ መድረክ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ተውኔቱ በታየ ቁጥር ከቦታቸው ታጥተው አያውቁም። ተዋናይ የተሰናከለበትን መስመር ሁሉ በቅጂያቸው ኅዳግ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጉበት ነበር።

በአገልግሎታቸው ሠላሳ ስድስተኛ ዓመት ተውኔቱ ለዛሬ ተመልካች በሚስማማ መልኩ ፊልም እንዲሆን ተወሰነ። መልእክተኛው በስልክ ተተካ፤ ዳኛውም ሱፍ ለበሰ። የአራት ሰዓቱን ግጥም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ማውረድ ግን የፊልም ጸሐፊዎቹን ግራ አጋባ። ሟች ቅጂያቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ሦስት ትውልድ ተዋናይ የረሳው መስመር ቢቀር የሚከፋው እንደሌለ አስረዱ። አብዛኛው ቅነሳ የተሠራው በዚሁ መሠረት ነው።

ውዝግብ የተነሣው በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነው። አባት በልጁ አስከሬን ፊት የሚያሰማው ስድሳ መስመር እንጉርጉሮ ከፊልሙ እንዲሰረዝ ሟች ጠየቁ። በቃለ ጉባኤ የሰፈረው ንግግራቸው እንዲህ ይላል፦ «መድረክ ላይ የሚጮኸው የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ ነው። ካሜራው እኮ አፍንጫው ሥር ገብቷል! ልጁን ያስገደለ ሰው ስድሳ መስመር ከየት ያመጣል? ተዉት፣ ዝም ይበል።»

ማኅበሩ ይህን ቅርስ እንደ መድፈር ቆጥሮ በጽሑፍ ገሠጻቸው፤ ከአማካሪነትም አገዳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቃላችንን የጠበቁልንን ባለሙያ ቃል አጥፊ አልናቸው።

የፊልሙ ዳይሬክተር ግን ሐሳባቸውን ተቀበሉ። በምረቃው ዕለት የተግሣጹን ደብዳቤ የፈረምን አምስታችንም አዳራሹ ውስጥ ነበርን። በእንጉርጉሮው ፈንታ ዳኛው አስከሬኑ ላይ ጎንበስ ብሎ የተፈታውን የልጁን የጫማ ክር ሲያስር፣ ከመካከላችን እንባውን መቆጣጠር የቻለ አልነበረም።

በማግስቱ የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ወሰንን። ሆኖም «ይቅርታ እንጠይቃለን» ይባል ወይስ «ውሳኔያችንን አንሥተናል» በሚለው ስንከራከር ረቂቁ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ አራት ወርም አለፈ። መታመማቸውን እያወቅን ነው የተከራከርነው።

ትናንት ደብዳቤውን ይዘን ወደ ልጃቸው ቤት ሄድን። ልጃቸው አንብበው ወደ ፖስታው መለሱትና፣ የተጻፈው ለእናታቸው በመሆኑ ሊቀበሉን እንደማይችሉ በትሕትና ገለጹልን። ማኅበሩ ልጃቸው ትክክል ናቸው ብሎ ያምናል።

ለልጃቸው፣ ለመላው ቤተሰባቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ከልብ መጽናናትን እንመኛለን። ደብዳቤው በጽሕፈት ቤታችን ይገኛል፤ የሚረከበው የለም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ቦርድ