በቡሬ በኩል ያለፉ ደብዳቤዎች፦ የመምህር ገነነ ላቀው የሕይወት ታሪክ

መምህር ገነነ ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ በለጠች ይግዛው በመጋቢት ወር 1954 ዓ.ም. በቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ተምረው በመምህርነት ሠለጠኑ፤ ለሠላሳ አራት ዓመታትም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተማሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሠርክአዲስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ያምሮትንና አሸናፊን ወለዱ። ቤት ውስጥ ዕቃ ሲበላሽ ማን እንዳበላሸው ሳይሆን ከየት ጀምሮ እንደተበላሸ ይጠይቁ እንደነበር ልጆቻቸው ያስታውሳሉ።

ቡሬ ሳሉ ከባልደረባቸው ከመምህር ዘሩ ጋር እንደ ወንድም ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮችን በሞደም ከቤት ስልክ ጋር አገናኝተው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የማስታወቂያ ሰሌዳና የደብዳቤ መረብ ዘረጉ። ጣቢያዎቹ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ቡሬና ሊበን ነበሩ፤ የፍኖተ ሰላሙን መምህር ገነነ፣ የቡሬውን መምህር ዘሩ በየቤታቸው ይጠብቁ ነበር። አንዱ ለሌላው እየደወለ ደብዳቤ ያቀብላል፤ በደረሰበት ሁሉ የጣቢያው ስምና ሰዓት ይመዘገብበታል። ከሊበን ፍኖተ ሰላም በቀጥታ ሲደወል መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ የሊበን ደብዳቤ በቡሬ በኩል እንዲያልፍ አደረጉ።

መምህር ዘሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። በመረቡ ደንብ ጠባቂ የሌለው ጣቢያ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ደንቡን የጻፉት ራሳቸው መምህር ገነነ ነበሩ፤ ነገር ግን የወዳጃቸውን ጣቢያ ለመሰረዝ እጃቸው አልታዘዘላቸውም።

አርባው በወጣ ሰሞን ኢንተርኔት ጠፍቶ ሳለ ከሊበን ጣቢያ ጠባቂ ከአቶ ያረጋል አስቸኳይ ደብዳቤ ደረሰ። ልጃቸው ህይወት የስኳር ሕመምተኛ ስትሆን ኢንሱሊኗ አልቆ ነበር። መምህር ገነነ መድኃኒቱን አፈላልገው በመኪና ላኩ፤ ልጅቱም ተረፈች። ከተረጋጉ በኋላ የደብዳቤውን ግርጌ አዩ። ሊበን 3፡10፣ ቡሬ 3፡14፣ ፍኖተ ሰላም 3፡20 ይላል።

በማግሥቱ ቡሬ ሄዱ። የመምህር ዘሩ ባለቤት ወ/ሮ ሀብትነሽ ክፍሉን ከፈቱላቸው። ኮምፒውተሩ በነጠላ ተሸፍኗል፤ ገመዱ ተነቅሎ ተጠቅልሏል፤ የስልኩም መስመር ከተቆረጠ ሰንብቷል። ማሽኑን ቢዳስሱት እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ማንም እንዳልነካው ወይዘሮዋ ነገሯቸው።

መምህር ገነነ ያዩትን ሁሉ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። ሰዓት ተዛብቶ፣ ወይም ሌላ ማሽን በቡሬ ስም ገብቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ፈተሹ፤ አንዱም አልሆነም። ቡሬን ሰርዘው መንገዱን በጅጋ አዞሩት። የጅጋው አቶ እጅጉ መስመራቸው ደህና መሆኑን ቢያረጋግጡም ለአራት ቀናት ከሊበን አንድ ደብዳቤ አልመጣም። ቡሬን ሲመልሱት የአራቱ ቀን ደብዳቤ ባንድ ጊዜ ገባ፤ ሁሉም በቡሬ አልፏል። በመጨረሻ ተቀባዩ መምህር ዘሩ የሆነ ባዶ ደብዳቤ ወደ ቡሬ ላኩ። ተቀባይ ያጣ ደብዳቤ ለላኪው መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። «ደርሷል» የሚል ምልክት ብቻ መጣ። ያን ዕለት ምሳ ቀርቦላቸው ሳይቀምሱት እንደቀረ ባለቤታቸው ይናገራሉ።

ወራት ካሰቡበት በኋላ ቡሬ ወርደው ነገሩን ለወ/ሮ ሀብትነሽ ገለጡላቸው፤ ከፈቀዱ ማሽኑን ፈተው ምክንያቱን ሊፈልጉ እንደሚሹም ነገሯቸው። ወይዘሮዋም፣ «መምህር፣ ይችን እንኳ አይጠግኑብኝ» አሏቸው። መምህር ገነነም መፍቻቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

በኩላሊት ሕመም ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው አልጋ በያዙ ጊዜ የመረቡን ኃላፊነት ለልጃቸው ለያምሮት አስረከቡ። «ቡሬን አትሰርዢው። ምክንያቱን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ አግኝቼዋለሁ ብዬም አልዋሽሽም» አሏት።

መምህር ገነነ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያድርስልን፤ ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።