ቀንቼ ያሳገድኳት ሐኪም ወደ ሥራዋ ትመለስልኝ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ያቀረብኩት አቤቱታ እንዲሰረዝና በእኔ ምክንያት ከቀዶ ሕክምና የታገደችው ሰልጣኝ ሐኪም እንድትመለስ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ከሆስፒታሉ በር ማዶ፣ ከፋርማሲው ጎን የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሰፍቼ ኖሬአለሁ። «ሰልጣኝ ሐኪም ለብቻዋ ሆና የታናሽ እህቴን ሆድ በካሜራ እያየች ቀድዳለች፤ የሰው ሆድ መለማመጃ ሆኗል» ብዬ ለክቡርነትዎ አቤት ያልኩት እኔው ነኝ። ያኔ ያላልኩትን ዛሬ እላለሁ።

2. መስከረም ማለቂያ ላይ ቀኝ ጎኔን ቆርጦኝ ብመጣ ትርፍ አንጀት ነው ተባልኩ። ይህችው ሐኪም በሦስት ትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እያየች ልታወጣልኝ እንደምትችል፣ መምህሯም አጠገቧ እንደሚቆሙ በትሕትና አስረዳችኝ። እኔ ግን ጥቂት ቀደም ብሎ ኮሪደር ላይ አይቻት ነበር። ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሁለት ቀዳዳ ረጃጅም መቆንጠጫ አስገብታ፣ ውስጡን በስልክ ካሜራ እያየች አዝራር ከአንድ ኩባያ ወደ ሌላ ታመላልሳለች። ልምምድ መሆኑ አልገባኝም። «በካርቶን የምትጫወት ልጅ ሆዴን አትነካም፤ የክፍሉ ኃላፊ በገዛ እጃቸው ይሥሩኝ» ብዬ ፈረምኩ። ኃላፊው ሌላ በሽተኛ ላይ ነበሩ። ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ «የኔ እናት፣ ይሄ ነገር መቆየት አይወድም» ብትለኝም አሻፈረኝ አልኩ። ስጠብቅ ፈነዳ። ኃላፊው ደርሰው ነፍሴን አተረፉልኝ፤ ሆዴን ግን በሰፊው መክፈት ግድ ሆነባቸው። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ።

3. እኔ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን እህቴ በዚያው ሕመም ገባች። እህቴ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ የጣልኩትን ቀሚስ ለብሳ ከእኔ ይልቅ የሚያምርባት ሰው ናት። «ማንም ይሥራኝ፣ ብቻ አውጡልኝ» ብላ ፈረመች፤ ይህችው ሐኪም ሠርታት በነጋታው በእግሯ ሄደች። በሳምንቷ ቤቴ መጥታ ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ሦስት ነጥብ፤ አንዷማ እምብርቷ ውስጥ ተደብቃ አትታይም። «እትዬ፣ እስቲ ያንቺን» አለችኝ። እናታችን መነጽሯን አድርጋ የሁለታችንንም ካየች በኋላ «የሷ የእጅ ሥራ ነው፤ ያንቺን ግን እንደ ጆንያ ነው የሰፉት» አለች። ለልብስ ሰፊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

4. አቤቱታውን የጻፍኩት በዚያው ቀን ነው። «ለብቻዋ» ያልኩት ውሸት ነው። መምህሯ እህቴን ከማስተኛታቸው በፊት «እሷ ትሠራለች፣ እኔ ከጎኗ አልለይም፣ ካስፈለገ እረከባታለሁ» እንዳሏት እህቴ ነግራኛለች። መዝገቡም ላይ የሁለቱ ፊርማ አለ። ይህን እያወቅኩ ነው የተውኩት።

5. ባለፈው ማክሰኞ ለክትትል ስመጣ የቁስሌ ቦታ አብጦ ኃላፊው ሄርኒያ ነው፣ አንጀት በስፌቱ በኩል ገፍቶ ነው፣ በካሜራ ሊሠራ ይችላል አሉኝ። ስወጣ ሐኪሟን ካርድ ክፍል ፋይል ስትደረድር አገኘኋት። ወንበሯ ጀርባ ላይ የቀዶ ሕክምና ክር በተርታ ቋጥራበታለች። ቋጠሮ አይቼ ማለፍ አልችልምና በጣቴ ዳሰስኩት። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም እኩል የጠበቀ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ቋጥሬ አላውቅም። በእህቴ የቀናሁት ሳያንስ እዚያው ቆሜ በእሷም ቀናሁ። እሷ ግን ከሳሿ መሆኔን እያወቀች ብድግ ብላ «ሲያስልዎት ቁስሉን በእጅዎ ደገፍ ያድርጉት» አለችኝ።

6. ኮሚቴው ሰኞ እንደሚቀመጥ፣ ከወሰነባትም የስልጠና ዓመቷ እንደሚቃጠል ሰምቻለሁ። ስለዚህ የቀድሞው አቤቱታዬ እንዲሰረዝ፣ ካስፈለገም ኮሚቴው ፊት ቀርቤ መዋሸቴን በአንደበቴ እንድናገር እንዲፈቀድልኝ፣ ሐኪሟም ወደ ቦታዋ እንድትመለስ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሄርኒያዬንም መምህሯ ከጎኗ ሆነው እሷ ብትሠራልኝ ፈቃደኛ ነኝ፤ ቅጹን ዛሬውኑ እፈርማለሁ። እህቴ ይህን እንዳትሰማብኝ አደራ እላለሁ፤ «እትዬ ተከተለችኝ» ማለቷ አይቀርም።

በመጨረሻም፣ የእህቴ ቀዳዳዎች ሦስት ናቸው። ሙያው የሚፈቅድ ከሆነ የእኔ ሁለት ይሁኑልኝ።

ከአክብሮትና ከይቅርታ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ከፋርማሲው ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ