አፈር የሞሉት መዋኛ

ሚሲሲፒ፣ ሐምሌ 1963

ሉሲልዬ፣

ይህ በፖስት ካርዱ ላይ የምታዪው ሰማያዊ መዋኛ ዛሬ የለም! አምና ፍርድ ቤቱ «ጥቁሩም ነጩም እኩል ይዋኝበት» ብሎ ቢፈርድ፣ የከተማው ሹሞች ከእኛ ከጥቁሮቹ ጋር ከመዋኘት ይቅር ብለው አፈር ሞሉበት። ካርዱን ግን አሁንም ይሸጡታል። አክስቴ ቨርቢና «ክሱን ረታን!» ብላ ስለጻፈችልኝ፣ እኔ ሞኟ አዲስ የዋና ልብስ ገዝቼ ከዲትሮይት ድረስ በአውቶቡስ ተንገላታሁ። «አፈሩንስ ምነው ሳትነግሪኝ?» ብላት፣ «ታዲያ አልረታንም?» ብላ ታፈጥብኛለች!

ሄጄ አየሁት። የመዋኛው መዝለያ ሳንቃ ሣር መሃል ተገትሯል። አንድ ነጭ ሽማግሌ ሣሩን በጎማ ያጠጣል፤ የልጅ ልጆቹ አጠገቡ በሙቀት ቀልጠዋል።

«ጌታዬ፣ ለእነዚህ ልጆች እንኳ አያዝኑም?» አልኩት።

«እኔን ምን ትጨቀጭቂኛለሽ? ፍርድ ቤታችሁን ጠይቂ!»

ወዲያው ትንሿ ልጅ እግሯን ወደ ውሃው ብትዘረጋ፣ «ሣሩን አትርገጪ!» ብሎ ጮኸባት። የገዛ የልጅ ልጁን እኮ ነው!

እዚያ ዲትሮይት እኛ ሰፈር ሙቀት ሲጠና የመንገዱን የእሳት አደጋ ቧንቧ እንከፍታለን፣ የመጣው ሁሉ ይራጭበታል። ቦታ አለቀብኝ። ለባልሽ ለሮስኮ ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ቧንቧውን እንዳትዘጉት፤ ይህን የዋና ልብስ ለብሼ እዚያው እገባበታለሁ!

ያንቺዋ ኦዴሳ