የተቀባይዋ ትራክ

ቡራዩ፣ ሰኔ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? የሰበታው ብርድ በረታባችሁ ወይስ እንደኛው ነው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ጉልበቴን ከማለቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ስልክ ብደውልልሽ ዝም እንደምል ስለማውቅ ነው የጻፍኩልሽ።

አንቺ በኦቦ ዲሪባ ስቱዲዮ ውስጥ ወለል የምጠርግና ሻይ የማመላልስ ይመስልሻል። ከፋሲካ ወዲህ ግን ድምፅ ማጽዳት አስተምሮኛል። መቅረጫው ላይ ሁሉም የራሱ ትራክ አለው፤ ክራሩ ለብቻ፣ ከበሮው ለብቻ፣ አንቺ ለብቻ፣ እኔ ለብቻ። እያንዳንዱን ነጥዬ እሰማና ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጢጥታ፣ ከመዝሙሩ በፊት ያለውን ወሬ እቆርጣለሁ። ኦቦ ዲሪባ የመጀመሪያው ቃል እንዳያመልጠው ብሎ ሰው ሳይዘጋጅ ነው መቅረጫውን የሚያስነሳው።

ማክሰኞ አንድ አዲስ ትራክ ሰጠኝና፣ መጀመሪያው ላይ ወሬ አለ፣ ቆርጠሽ ጣይው አለኝ። የአባባ መዝሙር ነበር፤ እማማ ስትሞት የደረሰው፣ አንቺ እያወጣሽ እኔ እየተቀበልኩ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቆመን የቀረጽነው። በአዲሱ ትራክ ላይ ግን አንቺ ብቻ ነበርሽ። እንዲህ ስትይው ሰማሁ፦ "የትንሿን ድምፅ አጥፋልኝ፤ ተቀባዩንም እኔው እለዋለሁ። ቪዲዮ ሲቀረጽ ምን ላደርጋት ነው? እሷ እንኳን ሰው ፊት፣ በር ዘግታም ታፍራለች።" ኦቦ ዲሪባ ሳቀ። ብትጠይቅስ አለሽ። "እሷ? መቼ ጠይቃ ታውቃለች" አልሽው።

ማፈሬ እውነት ነው። ግን ድሮ እንግዳ ሲመጣ፣ እህቴ ዝም የምትለው ስለምታስብ ነው ትይልኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እሱን እያመንኩ ነው ያደግኩት። ሰው ሲያፍር ድምፁ ይደርቃል፤ ይህን ከሥራው ተምሬያለሁ። ያንቺን ደጋግሜ ሰማሁት፤ አልደረቀም።

ወሬውን ቆረጥኩት። የራሴን ትራክ ዝም የሚያሰኘውንም ቁልፍ ራሴ ተጫንኩ። ኦቦ ዲሪባ፣ እህትሽ ነግራሻለች አይደል አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

አባባ የመጀመሪያውን ቅጂ እኔ ልስማ ብሎ ስለነበር በፍላሽ ወሰድኩለት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሁለታችንን አብረን ለመስማት እንዴት ሲጠብቅ እንደከረመ ታውቂያለሽ። እስከ መጨረሻው ሰማና፣ "ትንሿን ለምን ከግድግዳ ጀርባ አቆማችኋት?" አለኝ።

ለካ አንድ ክፍል ውስጥ ስለዘመርን ድምፄ በስሱ ወደ አንቺ ማይክ ገብቶ ኖሯል። ያንቺ ቃል ሳያልቅ የኔ ስለሚጀምር፣ የኔን ልቁረጥ ብል ያንቺም አብሮ ይቆረጣል። ጉንፋን ይዞኝ ነበር አልኩት። "ጉንፋን ድምፅን ያወፍራል እንጂ አያርቅም" አለኝና ዞሮ ተኛ። እኔን ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። እሁድ ግን ሰበታ እንዲያደርሰው ጎረቤታችንን ቢቂላን ለምኖታል። አንቺን ሊጠይቅሽ ነው።

እኔ ምንም አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ምን እንደምትመልሺለት ግን ከአሁኑ አስቢበት፤ እሱን ማታለል እንደማይቻል አይተናል።

ያንቺ ብቻ የሆነ መዝሙር ከፈለግሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ብቻሽን መዘመር ነው ያለብሽ። የምትመጪበትን ቀን ላኪልኝ። ኦቦ ዲሪባ አሁን ቀረጻውንም ለኔ ትቶልኛል፤ ከመስተዋቱ ማዶ ቁጭ ብዬ መቅረጫውን የማስነሳልሽ እኔ ነኝ። ያኔም አልጠይቅሽም።

መድኃኔዓለም ትዳርሽን ይባርክልሽ፣ ድምፅሽንም ይጠብቅልሽ።

ተቀባይሽ የነበርኩት
ታናሽ እህትሽ