የሠርግ ዘፈን ተብሎ ለሁሉም ስለተፈቀደው የእናቴ ሙሾ

ለተከበሩ አቶ እንዳልካቸው
የነቅዐ ቅርስ የድምፅና የምስል ማኅደር ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በማኅደርዎ ኮምፒውተር ፊት የሚውሉት ወጣቶች ሁሉ ጤናችሁ የተጠበቀ፣ ኔትወርካችሁም የማይቋረጥ እንዲሆን እመኛለሁ። እንጅባራ ዳር ያለነው እኛ፣ ክረምቱ ከመክበዱ በቀር፣ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነችው እናቴ ብቻ ናት። ቀድሞ በግል ጽፌልዎ የተላከልኝ መልስ ስላልገባኝ አሁን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የሰውን ነገር ለሕዝብ ክፍት ማድረግ መልካም ሥራ መሆኑን የተማርኩት ከእርስዎው ድረ ገጽ ነው።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውን ይሆናልና ላስታውስዎ። እናቴ ወይዘሮ እታለማሁ ትባላለች። ወንድሜ ዓባይነህ ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከጫግኒ እህል ጭኖ ይመለስበት የነበረው መኪና ተገልብጦ ሞተ። እናቴ በቀብሩ ዕለት ለሠርጉ ልታወጣው ያሰበችውን ዜማ አነሣችና በዚያው ዜማ፣ በአገውኛ፣ አለቀሰችለት። ለሠርግህ ያስፈተልኩትን ጋቢ ለመሬት አለበስኩት የሚለው ቃል የዚያን ዕለት ከአፏ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ሙሾ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር በየትም ቦታ አውርዳው አታውቅም።

እርስዎ መቅረጫ ይዘው ቤታችን በመጡ ጊዜም ይህ ለጨዋታ የሚወጣ አይደለም ብላ እምቢ ብላዎት ነበር። እርስዎም መደባችን ላይ ተቀምጠው፣ ቆብዎን አውልቀው፣ እማማ አይሥጉ፣ ይቆለፋል፣ ከቤተሰቡ ፈቃድ ውጭ ማንም አይሰማውም አሏት። እናቴ ቆቡን ያወለቀ ሰው ይዋሻል ብላ አታስብም። ቃሉ ከድምፁ እንዳይለይ ብላም ሙሾውን ከመጀመሯ በፊት ይህ የልጄ ለቅሶ ነው፣ ለሐዘን እንጂ ለደስታ አይነሣም፣ የሚሰማው የቤቴን ሰው ጠይቆ ይስማ ብላ በመቅረጫው ውስጥ ተናገረች። እርስዎም ራስዎን ነቀነቁ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስላደረጉልን ነገር ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ድምፁን ድረ ገጽዎ ላይ ስላወጡትና ከሥሩ በጻፉት መግለጫ ስለ ራሳችን የማናውቀውን ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። ዓይነት፦ የሠርግ ዘፈን። ስሜት፦ ደስታ። አቅራቢ፦ ስሟ ያልታወቀ የአካባቢው ሴት። ስሟን ቤቷ በልተው ጠጥተው ሲሄዱ ያውቁት ነበር፤ መንገድ ላይ ጠፍቶብዎ ይሆናል። ስለ ሠርግና ስለ ደስታው ግን፣ ዜማውን ሰምተው ቃሉን ሳይሰሙ ማወቅ መቻልዎ ያስደንቃል። ከእርስዎ ቢሮ እስከ እኛ ቀበሌ አገውኛ የሚሰማ አንድ ሰው ጠፍቶ ከሆነ፣ ዳንግላ መናኸሪያ ቢወርዱ የሚያስረዳዎ አያጡም ነበር።

ሁለተኛ፣ የእናቴን የመጀመሪያ ቃል ቆርጠው ስላወጡት፤ ምክንያቱንም ሳይደብቁ፣ መግቢያው ንግግር ስለሆነ ተወግዷል ብለው ስለጻፉት። የፈቃድ ገጽዎንም ቃል በቃል አንብቤዋለሁ። ማንኛውም ሰው፣ ለንግድም ቢሆን፣ ቆርጦም ሆነ ቀላቅሎ፣ የማኅደሩን ስም እስከጠቀሰ ድረስ ሊጠቀምበት ይችላል ይላል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ የቀረውንም ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀምኩ በመሆኔ አልገባኝ ይሆናል እንጂ፣ እኔ የተረዳሁት የእናቴን ፈቃድ ቆርጠው በምትኩ የራስዎን እንዳስገቡበት ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። ባለፈው ጥር ጎረቤታችን ወይዘሮ አምሳለ ልጇን ቤዛዊትን ዳረች። ከሌላ አገር የመጣው ዲጄ የአካባቢውን ዘፈን ፈልጎ ከእርስዎ ዘንድ ያገኘውን፣ ኦርጋንና ከበሮ ጨምሮ፣ በሞንታርቦ ለቀቀው። እኔ ድንኳን ውስጥ ሰው አስተናግድ ስለነበር ድምፁን የሰማሁት ትሪ እንደያዝኩ ነው። ወጣቶቹ ይጨፍራሉ፤ ቃሉ የሚሰማቸው ሽማግሌዎች እርስ በርስ መተያየት ጀምረዋል። እናቴ ታማ ቤት ተኝታ ነበር። እንደሚያውቁት፣ እኛ ዘንድ አዲስ ሰው ሲሞት የቀደመው ሟች ስምም በለቅሶው አብሮ ይነሣል፤ እሷም በኦርጋኑ መካከል ድምፁ የራሷ መሆኑን ሳትለይ፣ የዓባይነህ ስም በለቅሶው ዜማ ሲጠራ ስትሰማ በአምሳለ ቤት ደስታው ሳያልቅ አንድ ወጣት ሞቶ የእሷንም ልጅ አብረው ያነሡላት መሰላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ ልጄ ልጄ እያለች ሙሽሮቹ ፊት ደረሰች።

አንዱ ሽማግሌ ዲጄውን አንተ ዝጋው ሲለው ሰማሁ፤ ከወዲያ ደግሞ አንዷ በሰው ሠርግ ምን ነካት ትላለች። ወይዘሮ አምሳለ እናቴን ክንዷን ይዛ እስከ በሩ አደረሰቻትና፣ እትዬ፣ በልጄ ላይ ሞት ልትጠሪባት መጣሽ አለቻት። ሙሾዋ ከሠርግ ቤት ለምን እንደተሰማ እናቴም አታውቅም ነበር። አብረው ያረጁት እነዚህ ሁለት ሴቶች ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። እናቴም ለቅሶ መድረስ ትታለች፤ ሙሾዬ መጨፈሪያ ሆኗል፣ አፌን ብከፍት ሰው ይስቅብኛል ትላለች። ለቅሶ የማይደርስ ሰው በእኛ አገር እንዴት እንደሚታይ ለቅርስ ባለሙያ አልነግርም።

አራተኛ፣ በወንድሜ ሙት ዓመት ፎቶውንና እርስዎ በፍላሽ የተዉልንን የእናቴን ድምፅ አንድ ላይ አድርጌ ፌስቡክ ላይ ባወጣሁ ጊዜ፣ የማኅደሩን ስም ባለመጥቀሴ የመብት ጥሰት ፈጽመሻል ተብሎ እንዲነሣ ስላስደረጉ። የእናቴን ለቅሶ ለወንድሜ ለማሰማት የእርስዎን ስም መጥራት እንደሚገባኝ አላወቅሁም ነበር።

አምስተኛ፣ ድምፁ እንዲወርድልን በለመንኩ ጊዜ የመብት ክፍልዎ የጻፈልኝን ትሕትና የተሞላበት መልስ አልረሳውም። ፈቃዱ አንዴ ለሕዝብ ከተሰጠ በኋላ ሊሻር እንደማይችል አስረድቶኛል። ለማያውቁት ሰው ሁሉ የሰጡት ፈቃድ የማይሻር ሆኖ፣ መደቧ ላይ ተቀምጠው ለእናቴ የሰጡት ቃል ግን መንገድ ሳይጨርሱ መሻሩ፣ ሕግ ያልተማረ ሰው የማይደርስበት ጥበብ ነው።

ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። በየሰው ስልክ የገባው እንደማይመለስ አውቃለሁ። ከራስዎ ገጽ ላይ ግን ሊያወርዱት ይችላሉ፤ የቆረጡትን የእናቴን ቃል ከፊቱ መልሰው፣ ስሟን ጽፈው፣ እንዳሏት ሊቆልፉት ይችላሉ። ከዚያም አንድ ቀን መጥተው፣ ወይዘሮ አምሳለ ቤት ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ ይህች ሴት የወጣችው ልታለቅስላችሁ እንጂ ልታሟርት አይደለም፣ ሙሾዋን ለሠርግ የሰጠሁት እኔ ነኝ ቢሉ፣ ለዚህ ኢንተርኔትም አያስፈልግዎትም። እናቴ ደጇን ሳትወጣ እንዳትሞትብኝ እንጂ ሌላ የምፈልገው የለም።

ቅርሳችንን ከእኛ ጭምር በመጠበቅ ለሚያሳዩት ትጋት የሚገባዎትን ክብር እየሰጠሁ፣ የማኅደርዎን ስምም እንደ ደንቡ በሚገባ ጠቅሼ፣ እጅ እነሣለሁ።

ማናለብሽ ሀብቱ
እንጅባራ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ለማኅደሩ የምሥረታ በዓል እናቴ የሀገር ባህል ልብስ ለብሳ መጥታ ዘፈኑን በመድረክ እንድታሰማ የላኩት የጥሪ ወረቀት ደረሰን። ወደ አገውኛ መልሼ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና ማን ሞቶባቸው ነው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ስላላወቅሁ ቶሎ ቢጽፉልኝ እወዳለሁ፤ ከቤት መውጣት ብትተውም፣ በእርስዎ ቤት ለቅሶ ካለ ግን አልቀርም ብላለች።