ባቡሩ ለእህት፣ ሐዲዱ ለወንድም፦ የእትዬ ጥቅል የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከሐዲድ ቀያሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ከአንድ ታላቅ ወንድማቸው ጋር ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ ከሙያ ማሠልጠኛ በኤሌክትሪክ ተመርቀው በ1964 ዓ.ም. በውሃ ፓምፕ ጥገና ወርክሾፕ ተቀጠሩ። ሥራቸው የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ አዲስ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ነበር። “እትዬ ጥቅል” የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። በ1968 ዓ.ም. የወርክሾፑን ሾፌር አግብተው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ማለፍ ይቀል ነበር። ግን እሱ ከቀረ የተጻፈው ታሪክ የእሳቸው አይሆንም።

አባታቸው አንድ መሐንዲስ ከአገር ሲወጣ የሰጣቸው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ነበራቸው። እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍተው ሐዲዱን ወለሉ ላይ ይገጥማሉ፤ ሁለቱ ልጆች በግራና በቀኝ በሆዳቸው ተኝተው ጥቁሩን ሎኮሞቲቭ ይጠብቃሉ። በ1979 ዓ.ም. አባት ሲሞቱ ቤቱ ያለ ጭቅጭቅ ተሸጦ ተካፈሉ። ጠቡ በባቡሩ መጣ። ወንድም “ታላቁ እኔ ነኝ” አሉ፤ እህት ደግሞ “ሲበላሽ የምሠራው ማን ሆኖ ነው?” አሉ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሎኮሞቲቩን ለእህት፣ ሐዲዱንና ትራንስፎርመሩን ለወንድም ፈረዱ። “ባቡር ያለ ሐዲድ አይሄድ፤ ወደዱም ጠሉም ይገናኛሉ” ብለው በብልሃታቸው ተደስተው ተበተኑ። የሁለቱን እልህ ግን አልለኩትም።

ወንድማቸው ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሱቃቸው ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ እናታችን ግን በዚያ ሲያልፉ መንገዱን ተሻግረው በማዶ ይሄዱ ነበር። ጎረቤት “ወንድምዎ እንዴት ናቸው?” ሲላቸው፣ “ፀጉሬን አይቆርጠኝ፣ በምን አውቄ?” ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለቱም ሸበቱ።

ጡረታ ወጥተው ሐኪሙ ልባቸው መድከሙን በነገራቸው ዓመት፣ እናታችን ሎኮሞቲቩን ከቁም ሣጥን አወጡት። ሥራው እንደ ወርክሾፕ ልማዳቸው ነበር፤ አንድም ብሎን ሳያስቀሩ ፈትተው፣ በቤንዚን አጥበው፣ ጨርቅ ላይ ዘርግተው አሰነበቱት። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦንና ሽቦውን ለውጠው ከገጠሙ በኋላ ገልብጠው በባትሪ ሲነኩት ጎማዎቹ በረሩ። “ከአባባ ጊዜም ይበልጥ ይፈጥናል” ብለው ደስታቸው ወሰን አጣ። አቅንተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ግን ጮኸ፣ ጋለ፣ ቆመ። ካርቦኑን ደግመው፣ ሽቦውን ደግመው ለወጡ። “ያለ ሐዲድ በሽታው አይታወቅም” አሉ በመጨረሻ። ሐዲድ እንግዛልዎ ብንላቸው “የሰው ሐዲድ ምን ይሠራልኛል?” ብለው ተቆጡ። ሰበብ ሲፈልጉ የኖሩ ይመስለናል፤ እርግጠኞች ግን አይደለንም።

ሎኮሞቲቩን በፎጣ ጠቅልለው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ወንድምየው በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው ሰላምታ አላስቀደሙም።

“ሐዲዱ ዝጓል ልትይኝ ነው?”

“አልወጣኝም ጋሼ።”

“አፍሽ ባይል ዓይንሽ ብሏል። ግቢ።”

ሐዲዱ አልዛገም። ከአልጋ ሥር ተቀምጦ በላጲስ ሲወለወል የኖረ ነበር። ሎኮሞቲቩ ግን ላዩ ላይ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሄደም። እናታችን እዚያው ፈትተው ማግኔቱ ላይ መርፌ አንጠለጠሉ፤ መርፌው ወደቀ።

“እኔው ነኝ የገደልኩት” አሉ።

ከሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ከማግኔቱ መካከል ሲወጣ በቦታው ሌላ ብረት ካልገባ፣ የእንደዚህ ያለ አሮጌ ሞተር ማግኔት ኃይሉን ያጣል። የፓምፕ ሞተር እንዲህ ያለ ማግኔት የለውምና የዕድሜ ልክ ልማዳቸው አሳታቸው። ወንድማቸው ይሳለቁባቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። እሳቸው ግን “እኔ ደግሞ አንድ ቀን ብትመጪና ጥፋቱ የሐዲዱ ቢሆንስ እያልኩ ነው የኖርኩት” አሉ።

ማግኔቱን ለማንቃት ወፍራም ሽቦ ጠቅልሎ የመኪና ባትሪ ማስነካት ያስፈልጋል። እናታችንን አስቀምጠው የጠቀለሉት ወንድማቸው ናቸው።

“አታጥብቀው፤ ፀጉር መሰለህ እንዴ?”

“ፀጉር ቢሆንማ ያንቺን ምክር መቼ እጠይቅ ነበር።”

ሲገጥሙት ባቡሩ ሄደ፤ ግን ወደ ኋላ። እናታችን ሽቦውን ሊያዞሩ ሲነሱ “ተዪው፣ ከመቆም ይሻላል” አሏቸው። ቁጭ ብለው ሲዞር አዩት። ሊወጡ ሲሉ ግን እናታችን ሎኮሞቲቩን መልሰው በፎጣ ጠቀለሉ፤ ወንድምየውም ሐዲዱን ከአልጋ ሥር መለሱ። “እዚህ ይደር” ያለ የለም።

ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ወንድማቸው እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን እናታችን “ሄደህ ውሰደው፤ ሐዲዱ ካለበት ይሁን” አሏቸው።

“ስትድኚ ራስሽ ታመጪዋለሽ።”

“እሺ በለኝ።”

እሺ አላሉም። እናታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ታረቁ ብለን ብንጽፍ ለሰሚም ለእኛም ደስ ይል ነበር። ወንድማቸው እሺ ያላሉት ቂም ይዟቸው ይሁን፣ ወይም እሺ ካልኩ ትሞትብኛለች ብለው ፈርተው፣ አላወቅንም። ትናንት ሣጥኑን የሚሸከሙት ሲመደቡ ግን አንዱን ጎረምሳ ትከሻውን ይዘው አስወጥተው በቦታው ቆመዋል። ዕድሜዎ አይፈቅድም ብንላቸውም ከቦታው አልተነሱም።

እናታችን የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የልጅ ልጆች አያት፣ የአንድ ወንድም እህት ነበሩ። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ ዛሬ ለሚሸከሟቸው ወንድማቸው ጉልበቱን ይስጥ።